የሕመምተኛው ቋንቋና ልማድ በሐኪሙ ፊት

ሰው በሚታመምበት ጊዜ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስፈልገው ሕመሙን የሚሰማለት ሰው ነው። አባቶቻችን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ሲሉ የተናገሩት ሕመምተኛውን ለመምከር ነበር። ዳሩ ግን ሕመምተኛው ምንም ሳይደብቅ ሁሉን ተናግሮ ሳለ፥ የሰማው ሐኪም ሌላ ነገር የተረዳ እንደ ሆነ፥ መድኃኒቱ ከወዴት ይገኛል? ይህ ጥያቄ ለዛሬው ቤተ ሰብ የሩቅ ጥያቄ አይደለም። ልጁ በዋሽንግተን፥ እኅቱ በሲያትል፥ የአጎቱ ልጅ በሮም ወይም በቤይሩት የምትኖርበት ቤተ ሰብ ብዙ ነው። እናቶቻችንና አባቶቻችንም ልጆቻቸውን ለመጠየቅ ወይም የልጅ ልጆቻቸውን ለማሳደግ ባሕር ተሻግረው ሲሄዱ፥ በእርጅና ዘመናቸው ቋንቋቸውን በማያውቅ ሐኪም እጅ ይወድቃሉ። ስለዚህ ከልዩ ልዩ ወገን የመጡ ሕመምተኞችን ቋንቋቸውንና ልማዳቸውን ዐውቆ ስለ ማከም፥ በሌሎች አገሮች የደረሰውንና የተደረገውን እያነሣን ጥቂት ለመናገር አስበናል። በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ከቋንቋ እንጀምር። በእኛ አነጋገር የኀዘንና የጭንቀት ማደሪያ ሆድ፥ አንጀትና ልብ ናቸው። ልጇ የሞተባት እናት «አንጀቴ አረረ» ትላለች፤ ከወገኑ የተለየ ሰው «ሆዴን ባር ባር ይለኛል» ይላል፤ ተስፋው የተቈረጠበትም «ልቤ ተሰበረ» ይላል። ይህን የሰማ አማርኛ ተናጋሪ አንጀት ለመመርመር አይነሣም። ነገር ግን እነዚህ ቃላት አንድ በአንድ ወደ ሌላ ቋንቋ ተመልሰው ለባዕድ ሐኪም ሲነገሩት፥ እርሱ በትምህርቱ የሚያውቀው የሥጋ አንጀትንና የሥጋ ልብን ስለ ሆነ፥ ሕመምተኛውን ወደ ጨጓራና ወደ ልብ ምርመራ ይልከዋል። ምርመራውም «ምንም የለብህም» ብሎ ይመልሰዋል፤ ሕመምተኛው ግን ደኅና አይደለም። በቅኔ ቤት አነጋገር እንናገር ብንል፥ ለሐኪሙ የደረሰው ሰሙ ብቻ ነው፤ ወርቁ በመንገድ ቀርቷል።

ይህ ነገር በሰፊው የታየው በእስራኤል ነው። በ1984 መጨረሻና በ1985 መጀመሪያ ዘመቻ ሙሴ በተባለው፥ በ1991 ደግሞ ዘመቻ ሰሎሞን በተባለው ጕዞ ብዙ ሺህ ቤተ እስራኤላውያን ወደዚያች አገር ገቡ፤ በሁለተኛው ጊዜ ብቻ ከ14,000 በላይ ሰዎች ሁለት ቀን በማይሞላ ጊዜ ውስጥ በአውሮፕላን ተወስደዋል። ከፊተኞቹ መካከል ብዙዎች በሱዳን በኩል በእግራቸው ሲጓዙ ወላጆቻቸውንና ልጆቻቸውን በመንገድና በስደተኞች ሰፈር የቀበሩ ነበሩ። እነዚህ ሰዎች ወደ ሐኪም ቀርበው ስለ ልባቸውና ስለ ሆዳቸው ሲናገሩ፥ ብዙ ጊዜ የሚናገሩት ስለ ኀዘናቸው እንደ ነበረ የአገሩ ተመራማሪዎች ከጊዜ በኋላ አስተውለው ጽፈዋል። ከዚያም ወዲህ አማርኛና ትግርኛ የሚናገሩ፥ የሁለቱንም ወገን ልማድ የሚያውቁ አገናኞች በክሊኒኮች እንዲሠሩ ተደርጓል።

ሆኖም አንባቢ እዚህ ላይ አንድ ነገር እንዲያስተውል እንለምናለን። ሐኪሙ «ኢትዮጵያውያን ‹ልቤ› ሲሉ ኀዘናቸውን መናገራቸው ነው» የሚለውን ተምሮ ይህንኑ እንደ ደንብ ከያዘው፥ አንድ ቀን ልቡ በእውነት የታመመበት ሽማግሌ መጥቶ «ልቤን» ቢለው «አይዞህ፥ ኀዘን ነው» ብሎ ይሰደዋል፤ ሽማግሌውም በመንገድ ይቀራል። እንግዲህ የአንድን ወገን ልማድ በዝርዝር ማጥናት ብቻውን አይበቃም። ዝርዝሩ ምን ብሎ መጠየቅ እንደሚገባ ያስታውሳል እንጂ በጥያቄው ፈንታ አይቆምም። የጽሑፋችንም ዋና ነገር ይህ ነው።

አለመጠየቅ ምን ያህል እንደሚጐዳ በ1980 በአሜሪካ በፍሎሪዳ ክፍለ ግዛት የደረሰው ያሳያል። የ18 ዓመት ወጣት ራሱን ስቶ ወደ ሆስፒታል ተወሰደ። ከኩባ የመጡት ቤተ ሰቡ «ኢንቶክሲካዶ» ነው አሉ፤ ይህ ቃል በኩባ ሰዎች አነጋገር የበላው ወይም የጠጣው ነገር ያልተስማማውን ሰው የሚያመለክት ነው። በእንግሊዝኛ ግን ይህን የሚመስለው ቃል በመጠጥ ወይም በአደንዛዥ ዕፅ የሰከረ ማለት ነው። ሐኪሞቹ ወጣቱ አደንዛዥ ነገር ከመጠን በላይ እንደ ወሰደ አድርገው ያክሙት ጀመር፤ በእውነቱ ግን በአንጎሉ ውስጥ ደም ይፈስስ ነበር። ይህ እስኪታወቅ ድረስ ጊዜው አለፈ፤ ወጣቱም እጅና እግሩን ማንቀሳቀስ የማይችል ሆኖ ቀረ፤ ካሳውም ወደ 71 ሚሊዮን ዶላር የሚደርስ ሆነ። አስተርጓሚ አልተጠራም ነበር፤ ምክንያቱም ሁለቱም ወገኖች የተግባቡ መስሏቸው ነበር። አለመግባባት ከሁሉ ይልቅ የሚከፋው መግባባትን ሲመስል ነው።

ሁለተኛው ምሳሌ በካሊፎርኒያ በመርሴድ ከተማ የሆነው ነው። ከ1975 በኋላ ከላኦስ ተሰድደው ከመጡት የህሞንግ ሕዝብ የሆኑ ባልና ሚስት፥ በ1982 የተወለደች ሴት ልጃቸው የሚጥል በሽታ ያዛት። ሐኪሞቹ በሽታው ከአንጎል እንደ ሆነ ያውቃሉ፤ ወላጆቿ ግን ነፍሷ ደንግጣ ከሥጋዋ እንደ ሸሸች ያምኑ ነበር። ሐኪሞቹ ትጉሃን ነበሩ፤ ወላጆቿም ልጃቸውን ከዐይናቸው ብሌን ይልቅ ይወድዷት ነበር። ነገር ግን ማንበብ ለማይችሉ ወላጆች መድኃኒቱ በዐይነትና በመጠን ከሃያ ጊዜ በላይ ተለዋወጠባቸው፤ የሚያስረዳቸውም ብቁ አስተርጓሚ አልነበረም። መድኃኒቱን እንደ ታዘዘው አልሰጡም ተብሎም ልጅቱ ለጊዜው ተወስዳ ለሌላ አሳዳጊ ተሰጠች። በ1986 ከባድ ሕመም ደርሶባት አእምሮዋ ጠፋ፤ በዚያው ሁኔታ ብዙ ዘመን ኖራ በ2012 ዐረፈች። አን ፋዲማን የተባለችው ጸሐፊ በ1997 ታሪኩን በመጽሐፍ ካወጣች በኋላ፥ በብዙ የሕክምና ትምህርት ቤቶች ተማሪዎች ያነብቡታል። በዚህ ታሪክ ክፉ ሰው አይገኝበትም፤ ትምህርትነቱም በዚሁ ነው። ደግነትና ዕውቀት ብቻቸውን ይህችን ልጅ ሊያድኗት አልቻሉምና።

አሁን ወደ ራሳችን ሰዎች እንመለስ። ኢትዮጵያዊ ሕመምተኛ በባዕድ ሐኪም ፊት ሲቀርብ የሚያሳስቱት ነገሮች ብዙዎች ናቸው፤ ከነዚህም አንዱ የሰዓት አቈጣጠር ነው። እኛ ከጧት ጀምረን ስለምንቈጥር፥ ፈረንጆች ዘጠኝ የሚሉት የጧት ሰዓት ለእኛ ሦስት ሰዓት ነው። እንግዲህ ሐኪሙ ኪኒኑን «በስምንት ሰዓት» ውሰጅ ሲላት አስተርጓሚው ቍጥሩን እንዳለ ቢመልሰው፥ እናታችን ከቁርስ በኋላ ልትወስደው የሚገባትን ከምሳ በኋላ ትወስደዋለች። ኢንሱሊን ለሚወጋ የስኳር በሽተኛ ይህ ቀላል ስሕተት አይደለም። የዘመን አቈጣጠራችንም ከእነርሱ በሰባት ወይም በስምንት ዓመት ስለሚለይ፥ የሕፃን ክትባት ወይም የአረጋዊ ዕድሜ ሲመዘገብ እንዲሁ ይሳሳታል። ስማችንም እንደዚሁ ነው። ገብረ ማርያም የተባለው ሰው በመዝገቡ ስሙ ለሁለት ተከፍሎ «ገብረ» ብቻ ሆኖ ይቀራል፤ ባልና ሚስትም የአባታቸው ስም ልዩ ልዩ በመሆኑ እንደ ባዕድ ይቈጠራሉ።

ሥነ ሥርዓታችንም ራሱ ሌላ ትርጕም ይሰጠዋል። እኛ ታላቅን ሰው ዐይን ዐይኑን አናይም፤ ይህን የማያውቅ ሐኪም ግን ሕመምተኛው የሚደብቀው ነገር ያለ ይመስለዋል። እኛ «አዎን» ለማለት አንዳንድ ጊዜ ትንፋሻችንን ወደ ውስጥ ሳብ እናደርጋለን፤ ይህን ያልለመደች ነርስ ትንፋሽ ያጠረው ሊመስላት ይችላል። ከሁሉም ይልቅ «እሺ» የምትለው ቃል አደገኛ ናት። የሽምግልና ዕድሜ ላይ የደረሱ አባት ሐኪሙ የነገራቸው ባይገባቸውም፥ የተማረውን ሰው ላለማሳፈር «እሺ ጌታዬ» ብለው ይወጣሉ። ስለዚህ አስተዋይ ሐኪም «ገባዎ?» ብሎ አይጠይቅም፤ «ቤት ሲደርሱ መድኃኒቱን እንዴት እንደሚወስዱት እስቲ ይንገሩኝ» ይላል እንጂ። እኛም በትምህርት ቤት ተማሪው ትምህርቱን ማወቁን የምንረዳው ራሱን በመነቅነቁ ሳይሆን ቀለሙን በቃሉ ሲመልስልን ነው።

በባዕድ አገር ባሉ ቤቶች እጅግ የተለመደው ስሕተት ግን ልጅን አስተርጓሚ ማድረግ ነው። ልጅ ቋንቋውን ቶሎ ስለሚለምድ እናቱን ይዞ ወደ ሐኪም ይሄዳል። ዳሩ ግን የ11 ዓመት ልጅ «ጽንስ ወርዶብኛል» የሚለውን የእናቱን ቃል እንዴት አድርጎ ይናገረዋል? እናቲቱስ ይህን በልጇ ፊት እንዴት ትናገረዋለች? አባትስ ካንሰር እንደ ያዘው ከገዛ ልጁ አፍ ሊሰማ ይገባልን? በ2003 በአሜሪካ የታተመ የሕፃናት ሕክምና ጥናት፥ ስፓኒሽ ተናጋሪ ወላጆች ልጆቻቸውን ይዘው ወደ ሐኪም የቀረቡባቸውን 13 ጊዜያት በድምፅ መቅረጫ ይዞ ሲመረምር 396 የትርጕም ስሕተቶችን አግኝቷል፤ ይህም በእያንዳንዱ ጊዜ 31 ያህል ነው። ከመቶው 63ቱ ሕክምናውን ሊያበላሹ የሚችሉ ነበሩ። ለጆሮ ሕመም በአፍ እንዲወሰድ የታዘዘውን አሞክሲሲሊን በጆሮ ውስጥ ይጨመር ብሎ ያስተረጐመም ነበረ። ጕዳት የሚያደርሱ ስሕተቶች የበዙትም ትርጕም ባልተማሩ ሰዎች ዘንድ ነው።

ስለ ክፉ ወሬ አነጋገርም መናገር ይገባል። በእኛ አገር መርዶ ለብቻው ለተቀመጠ ሰው በድንገት አይነገርም፤ ዘመድ ወዳጅ ይሰበሰባል፥ ሽማግሌ ይመረጣል፥ ሰዓቱም ይታሰብበታል። የጽኑ ሕመምን ዜናም የምንይዘው በዚሁ ልማድ ነው፤ አስቀድሞ ለቤተ ሰብ ይነገራል፥ ቤተ ሰቡም ለሕመምተኛው እንደ አቅሙ ያካፍለዋል። በአሜሪካ ሕክምና ግን እውነቱን አስቀድሞ ማወቅ ያለበት ሕመምተኛው ራሱ ነው። የውብዳር በየነ የተባሉት ኢትዮጵያዊት የሰው ልማድ ተመራማሪ በ1992 በዚያው አገር በሚታተም የሕክምና መጽሔት ስለዚህ ልዩነት ጽፈው፥ ዜናው በድንገት በቀጥታ ሲነገር በኢትዮጵያውያን ስደተኞች ላይ የሚያመጣውን ጕዳት አስረድተዋል። ሁለቱንም ወገን የሚያስታርቅ መንገድ አለ። ሐኪሙ ገና ምርመራው ሳይጀመር «ስለ ሕመምዎ ሁሉን ማወቅ ይፈልጋሉን? ወይስ ለማን እንድነግር ይወድዳሉ? በዚያን ጊዜስ ከአጠገብዎ ማን ይሁን?» ብሎ ቢጠይቅ፥ የሕመምተኛው መብት ሳይነካ ልማዱም ይከበራል። ሁሉም ኢትዮጵያዊ አንድ ዐይነት መልስ አይሰጥምና፥ እዚህም ላይ መጠየቅ እንጂ መገመት አይረዳም።

ጾምና ጸበልም ከዚሁ ጋር የሚነሡ ናቸው። ጾመኛ ሕመምተኛ ከቁርስ ጋር እንዲወሰድ የታዘዘውን መድኃኒት ወደ ዘጠኝ ሰዓት ያሻግረዋል፤ ለሐኪሙ ግን አይናገርም፤ ሐኪሙም አይጠይቅም። የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ለድውይ ማዘኑ የታወቀ ስለ ሆነ፥ ሕመምተኛው ከንስሓ አባቱ ጋር ሊመክር ይገባዋል፤ ሐኪሙም የጾሙን ወራት ቢያውቅ ብዙውን መድኃኒት በሰዓቱ ሊያስማማው ይችላል። ጸበል የሚጠመቅ ሰው መድኃኒቱን እንዲተው ከሚገፋፋው ወሬ ራሱን ይጠብቅ። ማተብንም እንመልከት። ለቀዶ ሕክምና የተዘጋጀችውን ሴት ነርሷ «ይህን ክር በጥሺው» ብትላት፥ ሴቲቱ የምትሰማው ሃይማኖትሽን ተዪ እንደ ተባለች ያህል ነው። ምን እንደ ሆነ አስቀድማ የጠየቀች ነርስ ግን የብረቱን መስቀል ብቻ ፈትታ ክሩን በሌላ ቦታ ማሰር ይቻል እንደ ሆነ ከሐኪሙ ጋር ትመካከራለች።

ለዚህ ሁሉ በዓለም ላይ መፍትሔ ያልተፈለገ አይደለም። የአእምሮ ሐኪምና የሰው ልማድ ተመራማሪ የሆኑት አርተር ክላይንማን ከሁለት ባልንጀሮቻቸው ጋር በ1978 ባወጡት ጽሑፍ፥ ሐኪም ሕመምተኛውን ሊጠይቃቸው የሚገቡ ጥቂት ጥያቄዎችን አቅርበዋል። ሕመሙ ከምን የመጣ ይመስልሃል? ለምን በዚያን ጊዜ ጀመረህ? ከሕመሙ የምትፈራው ምንን ነው? ምን ዐይነት ሕክምናስ ይገባኛል ትላለህ? የሚሉ ናቸው። ጥያቄዎቹ ብዙ ሰዓት አይወስዱም፤ ሌላ መሣሪያ የማያገኘውን ግን ያወጣሉ። በ1998 ደግሞ ሜላኒ ተርቫሎንና ጃን መሪ ጋርሲያ የተባሉት ሐኪሞች፥ የሌላውን ልማድ ተምሬ ጨርሻለሁ ከማለት ይልቅ ዘወትር ተማሪ ሆኖ መኖር እንደሚሻል ሲያስተምሩ፥ ነገሩን ትሕትና ብለው ጠርተውታል።

ከሆስፒታሎችም መካከል በሲያትል የሚገኘውን የሃርበርቪው ሕክምና ማእከል መጥቀስ ይገባል። ይህ ሆስፒታል በ1994 በጀመረው ሥራ ከካምቦዲያ፥ ከሶማሊያ፥ ከኤርትራና ከኢትዮጵያ ለመጡ ሕመምተኞች ከየሕዝባቸው የተመረጡ አገናኞችን አቆመ፤ ከእኛም ወገን አማርኛ፥ ትግርኛና ኦሮምኛ ተናጋሪዎች ተመድበዋል። አገናኙ ቃል ብቻ አይመልስም፤ ወደ ቤት እየሄደ ሕመምተኛውን ይጠይቃል፥ የቤተ ሰቡን ሐሳብ ለሐኪሙ፥ የሐኪሙንም ለቤተ ሰቡ ያስረዳል። በሕግም በኩል፥ በ1964 የወጣው የአሜሪካ የሲቪል መብት ሕግ ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ድርጅት ማንንም በትውልድ አገሩ ምክንያት እንዳይለይ ያዝዛል፤ በ2010 የወጣው የጤና ሕግና ደንቦቹም ብቁ አስተርጓሚ ያለ ክፍያ እንዲቀርብና፥ ድንገተኛ አደጋ ካልሆነ በቀር ሕፃን ልጅ አስተርጓሚ እንዳይሆን ይደነግጋሉ። ስለ ቋንቋ እርዳታ በ2000 የወጣው የፕሬዚዳንት ትእዛዝ በ2025 ቢሻርም፥ እነዚህ ሁለቱ ሕጎች አልተሻሩም።

እንግዲህ በዚያ አገር የሚኖሩ ልጆቻችን ወላጆቻቸውን ወደ ሐኪም ሲወስዱ «አማርኛ አስተርጓሚ እንፈልጋለን» ብለው ቀጠሮ ሲይዙ ጀምረው ይናገሩ፤ መብት ነውና አይፈሩ። የሚወሰደውን የአገር መድኃኒት፥ የሚጾመውን ጾም፥ የሚጠጣውን ጸበል ሳይደብቁ ይግለጹ። የመድኃኒቱንም ሰዓት «ጧት ከቁርስ በኋላ፥ ማታ ከእራት በኋላ» እያሉ በአማርኛ ጽፈው በማሰሮው አጠገብ ሳይሆን ሁሉ በሚያየው ቦታ ይለጥፉት።

ከባዕድ አገር ሐኪም ይህን ያህል የምንሻ ከሆነ ግን ራሳችንንም እንመርምር። አገራችን ከ80 በላይ ቋንቋዎች የሚነገሩባት ናት። በአዲስ አበባ ወይም በጎንደር ተምሮ ወደ ቦረና፥ ወደ አፋር ወይም ወደ ጋምቤላ የተመደበው ወጣት ሐኪም የሕመምተኛውን ቋንቋ ላያውቅ ይችላል፤ ያን ጊዜ አንዳንዴ ዘበኛው፥ አንዳንዴም ውኃ ልትቀዳ የመጣች ልጅ አስተርጓሚ ሆና ትቆማለች። በኦሮምኛም «ገራ» የሚለው ቃል ሆድ ማለት ሲሆን የርኅራኄም ማደሪያ ነው፤ እኛ ሆደ ቡቡ እንደምንል እነርሱ ሆዱ ለስላሳ ይላሉ። በእስራኤል የደረሰው መሳሳት በገዛ አገራችንም ሊደርስ እንደሚችል ከዚህ ይታወቃል። ገበሬው በአማርኛ መመለስ ስላልቻለ እንደማያውቅ ሰው ከተቈጠረ፥ በሲያትል እናታችን ላይ እንዳይደርስ የምንለውን እኛው በእርሱ ላይ አደረስነው ማለት ነው።

በዚህም ረገድ የሚያስደስት ሥራ አለን። በ2003 የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ሥራ ከየቀበሌው የተመረጡ፥ የሕዝቡን ቋንቋ የሚናገሩ ሴቶችን አንድ ዓመት አሠልጥኖ በየጤና ኬላው ሁለት ሁለት አድርጎ መደበ፤ ከ30,000 በላይም ሆነዋል። በጉራጌ አገር የሚገኘው የአጣጥ ሆስፒታል በ1976 የወላዶች ማቆያ ቤት አቋቁሞ፥ ከሩቅ የሚመጡ እናቶች የመውለጃቸው ቀን እስኪደርስ በአቅራቢያው እንዲያርፉ አደረገ። በልዩ ልዩ ጤና ጣቢያዎችም ለወላዲቱ ገንፎ እንዲገነፋላት፥ ቡናም እንዲፈላላት መደረጉ የታወቀ ነው። ገንፎ መድኃኒት አይደለም የሚል ቢኖር፥ በገንፎው ምክንያት ከቤቷ ወጥታ ወደ አዋላጅ የመጣችውን ሴት ይጠይቃት።

ስለዚህ የሐኪምነትንና የነርስነትን ትምህርት የሚማሩ ልጆች በቤታችሁ ያሉ ወላጆች፥ የሚመደቡበትን አገር ቋንቋ ቢያንስ ሰላምታውን፥ የአካል ክፍሎችን ስምና «ወዴት ያምሃል?» የሚለውን ቃል ተምረው እንዲሄዱ ምከሯቸው። ሕመምተኛው በራሱ ቋንቋ ሲጠየቅ ፊቱ ይፈታል፤ ፊቱ የተፈታ ሰው ሕመሙን ይናገራል፤ ሕመሙ የታወቀለትም ሰው መድኃኒት ይገኝለታል።